የተረሳች ቢጫ ካርድና የመንዝ ጓሳ

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ1 ሲረቱ ከተማዋ በጭፈራ ተናጠች። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር መድረሳቸው የተረጋገጠ መሰለ። ግን ምን ያደርጋል! ደስታው ሳይበርድ በዚያው ዕለት ከፊፋ መርዶ መጣ። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ1 ስታሸንፍ ቅጣት ያለበት ተጫዋች አሰልፋለች ተብሎ ምርመራ ተከፈተ።

ተጫዋቹ ምንያህል ተሾመ ነበር። ቀደም ሲል በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ ያን ቀን ማረፍ ነበረበት። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ጨዋታው ለቦትስዋና በ3 ለ0 ተመዘገበ፣ 6,000 የስዊዝ ፍራንክ ቅጣትም ተከተለ። 13 የነበረው ነጥብ 10 ሆነ።

ልብ በሉ! አጥቂ ኳስ አልሳተም፣ በረኛም አልተዘናጋም። የጎደለው ካርድ ቆጥሮ «እሱ ዛሬ አይሰለፍም» የሚል ሰው ነው። ይሄ ሥራ ጭብጨባ የለውም፣ ፎቶም አይነሳበትም። ሲረሳ ግን ሜዳ ላይ የተለፋበትን ሦስት ነጥብ ይዞ ይሄዳል።

ከደብረ ብርሃን አልፎ ያለው የመንዝ ደገኛ ይሄን ነገር ከጥንት ያውቀዋል። በመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ መሬት የጋራ ሀብቱ ነው። ሣሩ የቤት ክዳንና ገመድ ይሆናል። በቀድሞው የቄሮ ሥርዓት መሬቱ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። በሕዝብ የሚመረጠው አባ ቄራ ይመራል፣ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ደግሞ ለጥበቃ ይወጣል። ጥበቃው ከላላ ሣር የለም፤ ሣር ከሌለ የባለጠጋውም የድሃውም ቤት ያፈሳል።

ያም ሥርዓት እንከን ነበረበት። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ለሆኑት ባለርስቶች ብቻ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቄሮ ፈረሰ፣ ርስት ያልነበረውም ባለመብት ሆነ። በኋላም ጓሳን የሚጠብቅ የማኅበረሰብ ምክር ቤት ተቋቋመ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ጥብቅ ስፍራ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው፣ የጥበቃው ሥራ ለማንም አይናቅም። ሁለተኛው፣ የጠበቀ ሰው ከሣሩ ሊካፈል ይገባዋል።

ክለብም እንደዚያው የጋራ መሬት ነው። ወጌሻው የተጎዳ እግር ያክማል፣ ትጥቅ ያዡ ማልያ ያዘጋጃል፣ ሣር አጫጁ ሜዳውን ያሰናዳል፣ ጸሐፊው ካርድ ይቆጥራል። ሲሸነፉ አብረው አንገት ይደፋሉ። ታዲያ ሲሸነፍ የጋራ የሆነው ቡድን ጉርሻ ሲከፈል የአሥራ አንድ ሰው ብቻ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ዋልያዎቹ ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ1 አሸንፈው 13 ነጥባቸውን መለሱ። ደቡብ አፍሪካን በሁለት ነጥብ በልጠው አለፉ፤ ከዚያ ናይጄሪያ አስቀረቻቸው። ያን ሦስት ነጥብ ለማስመለስ ግን ቡድኑ በሙሉ አንድ ጊዜ የጨረሰውን ሥራ እንደገና መሥራት ነበረበት።