ገደል ላይ የቀረው እሬት

በሸዋ ባለችው አሊዩ አምባ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የአንኮበርን ተራራ ከቆላው በላይ ተገትሮ ያየዋል። በዚያ አካባቢ፣ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባላቸው ገደሎች ላይ፣ ከዚህች ጠባብ ስፍራ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ እሬት ይበቅላል። የሳይንስ ስሙ አሎዌ አንኮበረንሲስ ነው።

ደጅ ላይ የምናውቀው እሬት መሬት ይዞ ይቀመጣል። ይህኛው ግን ሥሩን በአለት ስንጥቅ ሰድዶ ግንዱን ቁልቁል ይለቀዋል፤ ቅጠሉና ወደ ቀይ የሚያደላው ብርቱካናማ አበባው በተንጠለጠለው ጫፍ ላይ ይወጣሉ። የእሬት አበባ ቅርጹ ቱቦ ስለሆነ ረጅም ምንቃር ላላቸው ማር መጣጭ ወፎች ይመቻል።

አካባቢው ግን ለተጓዦች እንግዳ አልነበረም፤ አሊዩ አምባ የሲራራ ነጋዴ ማረፊያና ትልቅ ገበያ ነበረች። በ1841 (እ.ኤ.አ.) ካፒቴን ሀሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲወጣ በእሷ በኩል አለፈ። አብሮት የነበረው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሮት በሸዋ ዕፅዋት ሰብስቧል፤ የእንሶስላ ዘመድ የሆነችው ኢምፓቲየንስ ሮቲ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። የአንኮበሩ እሬት ግን የሳይንስ ስም ያገኘው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ስም ያወጡለት ማይክል ጊልበርትና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ስም ሳያገኝ ለምን ቆየ? ገደሉ አንዱ ምክንያት ነው። ለእኔ የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። አንድ ተክል የሳይንስ ስም እንዲወጣለት ናሙናው በወረቀት መካከል ተጭኖ፣ ደርቆ፣ በሄርባሪየም፣ ማለትም በደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ መቀመጥ አለበት። የእሬት ቅጠል ውኃ የቋጠረ ስለሆነ በቀላሉ አይደርቅም፤ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ተጭኖም ሳይሞት ይሰነብታል። በበቅሎ የሚጓዝ ሰብሳቢ ደግሞ ቶሎ የሚደርቀውን ይመርጣል። በዚህ የተነሳ እሬቶች በየአገሩ ከሌሎች ዕፅዋት ያነሰ ተሰብስበዋል።

ገደሉ የአንኮበሩን እሬት ከሳይንስ ቢሰውረውም ከማረሻና ከፍየል አድኖታል። ችግሩ፣ አየሩ እየሞቀ ከሄደ ሽቅብ የሚሸሽበት ቦታ ብዙ አለመኖሩ ነው። ሊያየው የሚሄድ ሰው አቅራቢ መነጽር ይያዝ እንጂ ገደል አይውረድ፤ ነቅሎ ወደ ውጭ መላክማ ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ከተለመደው አሎዌ ቬራ በቀር እሬቶች ሁሉ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው።