ድምፅ ካለኝ ዲግሪው ለምን?

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የምታስቡ ብዙዎቻችሁ ይህን ትጠይቁኛላችሁ። መሣሪያ መጫወት የትምህርቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ዋናው ጆሮን ማሠልጠን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ የሚለያቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። የትዝታ ሜጀርን ሦስተኛና አምስተኛ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉት ትዝታ ማይነር ይሆናል። ይህን ሰምቶ በኖታ የሚጽፍ ተማሪ ነገ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይችላል፤ ለእኔ ከመድረክ ጭብጨባ የሚበልጠው ይኸ ነው።

ስለ ሙዚቃ ገበያውም ተማሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲውን መብት ከድምፃዊው መብት ለይቶ ያስቀምጣል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አዋጁን አንብቡት።