ከባርነት ያመለጡ ሰዎችና ያስጠጓቸው ወገኖች፤ ከጋሞ ደጋ በመነሣት የቀረበ ሐተታ

በአገራችን ስለ ነበረው ባርነት የተጻፈው ነገር ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሚናገረው ስለ ፈንጋዩና ስለ ነጋዴው፣ ስለ ገበያውና ስለ ዋጋው፣ ኋላም ስለ ወጡት ዐዋጆች ነው። ሌሊት ከጌታው ቤት ወጥቶ ስለ ኮበለለው ሰውና ደጁን ከፍቶ ስላስገባው ሰው የምናገኘው ጽሑፍ ግን እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ አጭር ሐተታ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ጥያቄአችንም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «አንድ ሰው በእውነት ከባርነት አመለጠ ለማለት ምን ምን መሟላት ይገባዋል?» የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉዳዩን ስናጠናው ሦስት ነገሮች አስፈላጊ ሆነው አግኝተናቸዋል። አንደኛው መንገድ፣ ሁለተኛው አስጠጊ፣ ሦስተኛው ወገን ነው። መንገድ ስንል ከጌታው እጅ የሚያርቀውን ጫካ፣ ተራራ ወይም ወሰን ማለታችን ነው። አስጠጊ ስንል የሚያበላውን፣ የሚያሳድረውንና ፈላጊ በመጣ ጊዜ ቆሞ የሚመልስለትን ሰው ማለታችን ነው። ወገን ስንል ደግሞ የሚያርሰው መሬት፣ የሚያገባት ሚስት፣ በሸንጎም የሚቀመጥበት ስፍራ ማግኘቱን ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ማምለጡ ሙሉ አይሆንም።

፩. ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ

የጋሞ ደጋ ከዐባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ አገር ነው። ከአርባ ምንጭ፣ ይኸውም ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ስፍራ፣ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይጓዝ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። የጉጌ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ሕዝቡ እንሰትና ገብስ የሚያለማ፣ በሽመናም ስሙ የታወቀ ነው።

አገሩ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ንጉሥ ሥር የተጠቃለለ አልነበረም። ደሬ በሚባሉ 40 ያህል አገሮች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ጋንታ፣ ቦንኬ፣ ዲታና ቦሮዳ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ካዎ፣ የራሱ ሀላቃዎች፣ ሕዝቡም ተሰብስቦ የሚመክርበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይ ነበረው። የአገሩ ሥርዓት ወጋ ይባላል፤ ሥርዓቱን ማፍረስ ደግሞ ጎሜ ነው። ጎሜ በአድራጊው ላይ ብቻ ሳይሆን በከብቱ፣ በእህሉና በቤተ ሰቡ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ይታመናል።

ሆኖም በዱቡሻው ሰው ሁሉ እኩል አይቀመጥም ነበር። መሬት ያለው ባለ አገር ማላ ሲባል፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ማናና ደጋላ እየተባሉ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ከሁሉ በታች የነበረው ባርያው ሲሆን፣ በጋሞኛ ስሙ አይሌ ነው። አይሌ የሀላቃነት ሹመት አያገኝም፤ ከባለ አገሩም ልጅ አያገባም።

፪. ባርነት እንዴት ይመጣ እንደ ነበር

ባርነት ከአንድ ምንጭ ብቻ የፈለቀ አልነበረም። በደሬዎች መካከል በሚነሣው ጦርነት የተማረከ ሰው ባርያ ሊሆን ይችል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ነገሩ እጅግ ሰፋ። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ላይ ዘምተው ካዎ ጦና በተያዙ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተማርኮ ወደ ሸዋ ተነዳ። ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ከዘመቻው ጋር ተጉዞ ያየውን ጽፎአል። የጋሞ ደጋም ብዙ ሳይቆይ በመንግሥቱ ሥር ዋለ፤ በጨንቻም ወታደር ሰፈረ፤ ባላገሩም ገባር ሆነ። ገባር ባርያ አልነበረም፤ ነገር ግን የሥራው ክብደት ብዙውን ሰው ቀዬውን እየጣለ እንዲሰደድ አደረገው።

ከደቡብ የተያዘው ሰው ወደ ጅማና ወደ ሌሎች ታላላቅ ገበያዎች እየተነዳ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቀይ ባሕር ጠረፍ ይወሰድ ነበር። በየገበያው ሲሸጥ ስሙም ይለወጥ ነበርና፣ ኋላ አምልጦ ወደ አገሩ መመለስ የከበደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሕፃን ሳለ የተሸጠ ሰው የመንደሩን ስም ቢያስታውስ እንኳ መንገዱን አያውቀውም።

፫. መንገድ

በጋሞ ደጋ መንገዱ ሩቅ አልነበረም። ደሬዎቹ እየራሳቸው የሚተዳደሩ ስለ ሆኑ፣ የአንዱ ዱቡሻ ፍርድ በሌላው ደሬ አይሠራም ነበር። ስለዚህ አንድ ገደል ወርዶ አንድ ሸንተረር የወጣ ሰው ከጌታው ሸንጎ ሥልጣን ውጭ ይሆናል ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሁሉም በአንድ ግዛት ሥር በመዋሉ ይህ አጭር መንገድ ተዘጋ፤ የሚኮበልለውም ሰው ርቆ መሄድ ግድ ሆነበት።

በሌላው የአገራችን ክፍልም መንገዱ እንደ ስፍራው የተለያየ ነበር። ከቤኒ ሻንጉል የኮበለሉት ወደ ሱዳን እየተሻገሩ፣ ከማጂና ከደቡቡ ጠረፍ የኮበለሉትም ወደ ኬንያ እየወረዱ ይጠጉ ነበር። ወሰን መሻገር ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ንግዱም በዚያው ወሰን ይሻገር ነበርና። የሼኽ ኾጀሌ ሚስት ሲት አምና ሰዎችን ወደ ሱዳን በመሸጥ ተከስሳ የተያዘችው በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለአንዱ የነፃነት በር የሆነው ስፍራ ለሌላው የመሸጫ በር ነበር።

፬. አስጠጊ

ስለ አስጠጊዎች ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ ግልጥ የሆነው በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ሚስዮን ታሪክ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ ተነጥቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1862 ዓ.ም. ስዊሱ ቆንስል ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለሚስዮኑ ሰጠው። አስቴር ጋኖም ወደ ዐረብ አገር በሚወስዳት መርከብ ላይ ሳለች በ1878 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከቦች አስጥለዋት ወደዚያው ትምህርት ቤት ገባች። ሁለቱ ተባብረው የሠሩት መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1891 ዓ.ም. ታተመ። ሁለቱም ኋላ ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምት ልጆችን አስተምረዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ በመስከረም 1881 ዓ.ም. የሆነው ነው። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ኦስፕሬይ በቀይ ባሕር ባርያ የጫኑ ጀልባዎችን ይዞ 204 ሰዎችን አስጣለ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ኤደን አጠገብ የነበረ የስኮትላንድ ሚስዮን ልጆቹን ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ ከእነርሱም 64ቱ በ1882 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ሕፃናቱ ስለ አወሳሰዳቸው የተናገሩት ቃል በዚያው ዘመን በጽሑፍ ስለ ሰፈረ፣ ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ሆኖአል። ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ የታወቀው የደቡብ አፍሪካ ሊቅና የነፃነት ታጋይ የኔቪል አሌክሳንደር አያት ናት።

በአዲስ አበባም አስጠጊ አልጠፋም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ደክመዋል። እርሳቸው ራሳቸው በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ከወላጆቻቸው ተለይተው የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው ያሳደጓቸው ስለ ነበሩ፣ ወገን የሌለው ሕፃን ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁ ነበር።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ነገር እንማራለን። አስጠጊዎቹ ዳቦና አልጋ ብቻ አልሰጡም፤ ፊደልና ሙያም ጨምረዋል። ፊደል ያወቀ ሰው ስሙን ራሱ ይጽፋል፤ ሙያ ያለውም ሰው ጌታ አያስፈልገውም። ነገር ግን የላቭዴል ልጆች ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው አልተመለሱም። አስጠጊው ደግ ቢሆንም እንኳ የጠፋውን ወገን መመለስ አልቻለም።

፭. ሕግ

ስለ ሕጉ በአጭሩ እናስታውስ። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ይመሰክራል፤ ነገር ግን በጦርነት የተሸነፈ ለአሸናፊው እንደሚገዛም ይቀበላል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ ባርነትን ለማጥፋት ግዴታ ገባች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን ዐዋጅ አወጡ፤ ዐዋጁም በ1923 ዓ.ም. ተሻሻለ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 22 ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ18ኛው አንቀጽ ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት እንዳይያዝ ይከለክላል።

ሕጉ ለኮብላዩ ያደረገለት ነገር ትልቅ ነው። ከ1934 ዓ.ም. በኋላ «ባርያዬ ጠፋብኝ» ብሎ ዳኛ ፊት የሚቆም ጌታ ሊኖር አይችልም፤ እንዲያውም ወንጀለኛው እርሱ ነው። ስለዚህ ሕጉ መንገዱን ከፈተ፤ ማስጠጋትንም ከጥፋት ወደ ደግ ሥራ መለሰ። ወገን መስጠት ግን ከሕጉ ኃይል በላይ ሆኖ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለአራሹ ሁሉ የመሬት ይዞታ መብት በመስጠቱ አንዱን ክፍል ሞላ፤ የጋብቻውና የሸንጎው ክፍል ግን ሳይሞላ ቆየ።

፮. ወገን

ጥያቄአችን ዛሬም ሕይወት ያለው በዚህ ክፍል ነው። በጋሞ ደጋ የአይሌ ዘር ነው የሚባል ሰው ከጌታ አምልጦ የመጣ ባይሆንም፣ አባቱም አያቱም ነፃ ሆነው የኖሩ ቢሆኑም፣ ስሙ አልለቀቀውም። ምክንያቱ በአሳቡ አሠራር ላይ ነው። ባርነት እንደ ሥራ ግዴታ ብቻ ቢታይ ኖሮ ሥራው ሲቀር ይቀር ነበር። ነገር ግን ከደም ጋር እንደሚወርድ ርኩሰት ስለ ታየ፣ ከእርሱ ጋር መጋባት እንደ ጎሜ ተቈጠረ። ጎሜን ደግሞ ዐዋጅ አይሽረውም፤ የሚፈራው በልብ ነውና።

ለዚህ ርኩሰት ባህሉ ራሱ ያበጀው መፍትሔ አለ። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጋንታ፣ የባርያ ዘር የተባለ ሰው ከባርነት ስም የሚነጻበት ወዞ የሚባል ሥርዓት አለ። ሥርዓቱን የፈጸመ ሰው እንደ ነፃ ሰው ይቈጠራል። ይህን ነገር በሁለት ወገን ልንመለከተው ይገባል። በአንድ ወገን ማኅበረ ሰቡ በሩን ለዘለዓለም እንዳልዘጋው ያሳያል፤ አይሌ ሰው የሚሆንበት መንገድ እንዳለ ያምናልና። በሌላው ወገን ግን ሕጉ ከብዙ ዓመታት በፊት ነፃ ያለውን ሰው «ገና ነፃ ልትወጣ ነው» ይለዋል። ለመንጻት የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ርኩስ ነኝ ብሎ መቀበል አለበት፤ ይህም እጅግ ከባድ ዋጋ ነው።

ሥርዓቱን የማይሻ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የዘር ሐረግ የማይጠየቅባት ከተማ ለእንዲህ ያለው ሰው አዲስ ደሬ ትሆነዋለች። አርባ ምንጭ ራሷ በ1950ዎቹ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን፣ ከየደሬው የመጣ ሰው ጎን ለጎን ይኖርባታል። ከጋሞ ሸማኔዎችም ብዙዎች በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፍረዋል። ነገር ግን ከተማ መግባትም አንድ ዓይነት መኮብለል ነው። ሰውየው ለጋብቻ ወደ አገሩ ሽማግሌ በላከ ቀን ያ የተወው ጥያቄ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጋሞ ሽማግሌዎች በመስከረም 2011 ዓ.ም. ያደረጉትን እናስብ። በቡራዩ በደረሰው ጥፋት የተቈጣ ወጣት በአርባ ምንጭ በሌሎች ወገኖች ንብረት ላይ ሊነሣ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው፤ ሣር የያዘ ሽማግሌን ተራምዶ ማለፍ ከባድ ጎሜ ነው። ዘሩንና አባቱን ሳይጠይቁ እንግዳውን ከጥቃት ማዳን ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የምንደርስበት መደምደሚያ የሚከተለው ነው። የአይሌን ዘር ከሸንጎና ከጋብቻ ያራቀው ጎሜ፣ እንግዳውንም ከጥቃት ያዳነው ያው ጎሜ ነው። ስለዚህ ባህሉ ይጥፋ ማለትም፣ ባህሉ ሳይነካ ይቀመጥ ማለትም ትክክል መስሎ አይታየንም። ሥርዓቱን የሚያሻሽለው ዱቡሻው ራሱ ነው፤ የዱቡሻም ሥራ ወጋን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ስለ ወጋ መምከርም ነው። ወደፊት በዚህ ነገር ላይ ለሚያጠኑ ጓደኞቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። የዐዋጆቹን ቀን ከመቍጠር አልፈን፣ በየደሬው ማን ከማን ጋር ተጋባ፣ ማንስ በዱቡሻ ተቀመጠ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ባርነት ያበቃበት እውነተኛው ቀን የሚታወቀው በዚህ ነውና።