የኤርፖርት ውል፦ የአፈሩን ዕዳ ማን ይሸከም?

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ አካባቢ ኤርፖርት ይሠራ ቢባል፣ ከተቋራጩ ስም በፊት የውሉን ዓይነት ነው የምጠይቀው። አማካሪ ዲዛይኑን ጨርሶ ጨረታ ከወጣ፣ ፊዲክ በሚባሉት ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙናዎች፣ በቀዩ መጽሐፍ መሠረት ያልተጠበቀ የአፈር ችግር ወጪው የባለቤቱ ነው። በቢጫው መጽሐፍ፣ ማለትም በዲዛይን ቢልድም፣ እንደዚያው! ብዙ ባለቤት ግን ዲዛይኑን ለተቋራጩ ሲሰጥ ስጋቱም አብሮ የሄደለት ይመስለዋል። ስጋቱን ወደ ተቋራጩ የሚያዞረው የብር ቀለሙ መጽሐፍ ነው፤ ተቋራጩም በነፃ አይሸከምም፣ ዋጋው ላይ ይደምረዋል።

ስለዚህ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ ባለበት ቦታ ከጨረታው በፊት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ማኮብኮቢያ ላይ እኔ ዲዛይኑ ቀድሞ እንዲያልቅ እመርጣለሁ።

ተርሚናል ሌላ ጣጣ አለው። ጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የቦሌ ማስፋፊያ፣ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራው በረራ ሳይቆም ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ርክክቡ በየምዕራፉ መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ።