ዘጌ፣ የታረሰ ሳይሆን የተተከለ አገር

ዛሬ ስለ ዘጌ የእግር ጉብኝት እናስረዳችኋለን።

ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ያለ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ከጀልባ እንደወረዳችሁ አስጎብኚ ይዛችሁ በእግር ወደ ገዳማቱ ትወጣላችሁ።

ብዙ ሰው መንገዱን ሲያይ “ጫካ ነው” ብሎ ያልፋል። እንደዛ ግን አይደለም! ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፣ ከሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አለ። ስለዚህ ባለቤት ያለው የጓሮ አትክልት በሉት።

ለምን አልታረሰም? አባቶች እንደሚናገሩት፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ሦስት ቦታ ተሰብሮ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዘጌ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው። ሕዝቡ የሚኖረው በዛፍ ፍሬ ነው። ችግሩ የቡና ገቢ ሲያንስ ትልልቁ ዛፍ ተቆርጦ ለማገዶ ይሸጣል፤ ጥላው ሲሄድ ደግሞ ቡናው ይጎዳል። ይህንን አስጎብኚውን ጠይቁት፣ ጉቶውን ያሳያችኋል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሱ ጫማ ይወልቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል። ሥዕሉን በእጅ መንካት አይቻልም።

ቀይ የቡና ፍሬ ማየት የፈለገ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሂድ። መቅጠፍ ግን የለም፣ የሰው የዓመት ገቢ ነው። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፤ ጦጣም ስላለ ምሳችሁን ቦርሳ ውስጥ ቆልፉ!