ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለችው መስመር

ሃያ ሕሙማን አሉ እንበል። ዐሥሩ አዲስ መድኃኒት፣ ዐሥሩ ነባሩን ወሰዱ። ከአዲሱ 9 ዳኑ፤ ከነባሩ 4። ቁጥሮቹን ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብተን በካይ ስኩዌር ፈተና ብናስፈትሽ 0.019 የሚል ውጤት እናገኛለን። በተለመደው የ0.05 መስፈርት ይህ «ልዩነት አለ» ያሰኛል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፦ ከአራቱ ሣጥኖች (አዲስና ነባር፣ የዳነና ያልዳነ) የሁለቱ የሚጠበቅ ቁጥር ከ5 ያነሰ ነው ትላለች። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነባት የሚገባው እሷን ነው።

ካይ ስኩዌርን በ1900 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን ነው። ፈተናው የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ መድኃኒቶቹ ባይለያዩ ኖሮ በየሣጥኑ ስንት ሰው እንጠብቅ ነበር? ከሃያው 13ቱ ስለዳኑ፣ ከእያንዳንዱ ቡድን 6.5 እንዲድን፣ 3.5 እንዳይድን እንጠብቃለን። ከዚያ የታየው ከተጠበቀው የራቀበትን በራሱ አባዝተን ለተጠበቀው እናካፍላለን፤ የአራቱንም ሣጥን እንደምራለን። እዚህ ድምሩ 5.49 ገደማ ነው። መድኃኒቶቹ ባይለያዩ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ርቀት በአጋጣሚ የመፈጠሩ ዕድል ስንት እንደሆነ የሚነበበው ከአንድ ለስላሳ ኩርባ ላይ ነው፤ 0.019 ያልነውም ይኸው ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከኩርባው ነው። ሰው የሚቆጠረው አንድ፣ ሁለት እየተባለ ነው፤ ኩርባው ግን መቆራረጥ አያውቅም። ቁጥሩ ሲበዛ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ሲያንስ ኩርባው ያሳስታል። ለዚህ ነው የስታቲስቲክስ ሊቁ ዊሊያም ኮክራን በ1954 ለሰፋፊ ሰንጠረዦች መመሪያ ያስቀመጠው፦ ቢያንስ 80 በመቶ በሚሆኑት ሣጥኖች የሚጠበቀው ቁጥር 5 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየትኛውም ሣጥን ከ1 አይነስ። ልብ በሉ፤ መለኪያው የሚጠበቀው ቁጥር እንጂ የታየው አይደለም። የታየው ዜሮ ስለሆነ ብቻ ፈተናው አይፈርስም።

የሚጠበቀው ቁጥር ሲያንስ ሌላው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ያለ ኩርባ የሚሠራ መንገድ አለው። በ1935 መጽሐፉ የታወቀውን የሻይ ምሳሌ አቅርቧል። ወተት ይቅደም ሻይ በጣዕሙ እለያለሁ ለምትል ሴት 8 ስኒ ይቀርብላታል፤ በአራቱ ወተት ቀድሟል። አራቱን ለመምረጥ 70 መንገድ ስላለ፣ በግምት ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው። በእኛም ሕሙማን ላይ ያው ነው። ከሃያው ዐሥሩን ለአዲሱ መድኃኒት ለመምረጥ 184,756 መንገድ አለ። ከነዚህ ውስጥ 9 ወይም 10 የዳኑ ሰዎች ለአዲሱ የሚደርሱት በ5,291 ነው። ነባሩ በዚያው ልክ የሚበልጥበትንም ስንጨምር 10,582 ይሆናል፤ ለጠቅላላው ሲካፈል 0.057። ከ0.05 ስለሚበልጥ መስፈርቱን አላሟላም።

ሌላም የማይታለፍ ቅድመ ሁኔታ አለ። ሰንጠረዡ ውስጥ የሚገባው የሰው ቆጠራ እንጂ መቶኛ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰውም አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ያው ሰው ከሥልጠና በፊትና በኋላ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ከመለሰ ሁለቱ መልሶች የተያያዙ ናቸው፤ ለእንዲህ ያለው የሚሆነው ማክኔማር በ1947 ያቀረበው ፈተና ነው። ይህን ስሕተት የግርጌዋ መስመር አትነግረንም፤ መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ የሚያውቀው ተመራማሪው ነው።

የፊሸር ፈተና ጥንቁቅ ነው፤ በትንሽ ናሙና ላይ ጥንቃቄው ሊበዛም ይችላል። ስለዚህ 0.057 «መድኃኒቱ አይሠራም» ማለት አይደለም። ሃያ ሰው ለዚህ ፍርድ አልበቃም ማለት ነው። ይህን በግልጽ የጻፈ ተማሪ አልወደቀም፤ ቀጣዩ ተመራማሪ ብዙ ሕሙማን ይዞ እንዲነሳ መንገዱን አሳይቷል።