በገርዓልታ የዓለት ተራሮች የአንድ ቀን ጉብኝት፡ ጎብኚዎች ከመነሳታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በትግራይ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሐውዜን ከተማ ዙሪያ የሚገኘው የገርዓልታ ሰንሰለታማ ተራራ በሀገራችን ካሉ ማራኪ መልክዓ ምድሮች አንዱ ነው። ከሜዳው ላይ ቀጥ ብለው የወጡት ቀያይ የዓለት ዓምዶች ከሩቅ ሲታዩ ሰው የማይደርስባቸው ይመስላሉ። ይሁን እንጂ በገደሎቻቸው ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ቅዳሴ ያልተቋረጠባቸው አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ቦታውን ለማየት የሚነሳ ጎብኚም የተፈጥሮ ድንቅን፣ ጥንታዊ ቅርስንና ሕያው የአምልኮ ሥፍራን በአንድ ጊዜ ይጎበኛል ማለት ነው።

አካባቢውን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ መጎብኘት የሚፈልጉ ዜጎችና ከውጭ ሀገር የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጉዟቸውን በምን መልኩ ማቀድ እንዳለባቸው መረጃ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ዋና መልእክቱም፣ ገርዓልታን በአነስተኛ ቡድንና በአካባቢው አስጎብኚ መሪነት መጎብኘት ከምቾት ያለፈ ጉዳይ መሆኑ ነው። የጎብኚው ደኅንነት፣ የቅርሱ ህልውናና የአካባቢው ነዋሪ ተጠቃሚነት በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ስለ አካባቢው በጥቂቱ

የገርዓልታ ተራሮች በአብዛኛው የተገነቡት ከአሸዋ ድንጋይ ነው። በትግራይ በስፋት ከሚታዩት የዚህ ዓለት ንብርብሮች አንዱ በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ በአዲግራት ከተማ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ዓለቱ ከላይ ወደ ታች የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው በዝናብና በነፋስ እየተሸረሸረ በሄደ ቁጥር ሸንተረሩ ተከፋፍሎ ዛሬ የምናያቸውን ዓምዶች ፈጥሯል። በመሮ ለመፈልፈል የሚያስችል ልስላሴ ስላለውም ቀደምት አባቶች ቤተ መቅደሶቻቸውን በውስጡ ሊያንጹ ችለዋል።

አብያተ ክርስቲያናቱ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ምንጊዜም የታወቁ ቢሆኑም፣ በምሁራን ዘንድ በስፋት መታወቅ የጀመሩት አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ከ120 በላይ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ካቀረቡ በኋላ ነው። አካባቢው የትግራይ ቅዱሳት መልክዓ ምድሮች በሚል ስያሜ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ከሰፈረው ሥፍራ መካከል ይገኛል።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በነበረው ጦርነት ምክንያት የጎብኚዎች እንቅስቃሴ ተቋርጦ፣ አስጎብኚዎች፣ አሽከርካሪዎችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ገቢያቸውን አጥተው ቆይተዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመው የሰላም ስምምነት ወዲህ ወደ አካባቢው የሚደረግ እያንዳንዱ ኃላፊነት የተሞላበት ጉብኝት ለእነዚህ ወገኖች ትርጉም ያለው ድጋፍ ነው።

በአነስተኛ ቡድን መጓዝ ለምን ያስፈልጋል?

ወደ አብዛኞቹ የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናት የሚወስደው መንገድ የእግር መንገድ ነው። በተለይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,580 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኘው አቡነ ይምዓታ ጉሕ ሲወጣ፣ ጎብኚው በዓለቱ ፊት ላይ የእጅና የእግር መያዣ ጉድጓዶችን እየተጠቀመ ቀጥ ያለ ግድግዳ መውጣት፣ በመጨረሻም ከገደል አፋፍ ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ማለፍ ይኖርበታል። በዚህ ሥፍራ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው እግሩን የት ላይ እንደሚያሳርፍ፣ እጁም ምን እንደሚይዝ የሚነግረውና ከበታቹ ሆኖ የሚደግፈው ሰው ያስፈልገዋል።

ሃያ ሰው የያዘ ቡድን በዚህ ቦታ ቢገኝ የሚፈጠረውን መገመት አያዳግትም። የመጀመሪያው ጎብኚ ወጥቶ እስኪወርድ የቀሩት በጠራራ ፀሐይ ይጠብቃሉ፤ ከኋላ ያሉት ይቸኩላሉ፤ የፈራ ሰው መፍራቱን ለመናገር ያፍራል። አደጋ የሚከተለው ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ችኮላና ይሉኝታ ነው። የቤተ መቅደሱ ውስጥም ጠባብ በመሆኑ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ግድግዳው በትከሻና በቦርሳ ይታሻል። በመሆኑም ከስድስት እስከ ስምንት ሰው የሚሆን ቡድን ተመራጭ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ከሆነ ቡድኑን ከፍሎ ለእያንዳንዱ የተለየ አስጎብኚ መመደብ ይገባል።

የአካባቢው አስጎብኚ የሚሰጠው አገልግሎት መንገድ ከማሳየት ያለፈ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የያዙት ቄስ በዚያ ቀን የት እንደሚገኙ ያውቃል፤ የትኛው መንገድ ከዝናብ በኋላ እንደሚያዳልጥ ይለያል፤ ጎብኚውን ከነዋሪው ጋር በቋንቋ ያገናኛል። ጦርነት በነበረባቸው አካባቢዎች ያልፈነዱ ተተኳሾች ሊኖሩ ስለሚችሉ ከተለመደው የእግር መንገድ ወጥቶ መሄድም ሆነ የወዳደቀ ብረታ ብረት ማንሳት ፈጽሞ አይገባም። በዚህም ረገድ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ አስፈላጊ ነው። አስጎብኚዎችን በተራሮቹ ግርጌ በምትገኘው በመጋብ መንደር ማግኘት ይቻላል።

አገልግሎቱን ከመግዛትዎ በፊት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የጉብኝት አገልግሎትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለሆነም ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የሚከተሉትን ያረጋግጡ።

1. አስጎብኚ ድርጅቱ የታደሰ የንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን፣
2. በአንድ ቡድን የሚጓዘው ከፍተኛው የሰው ቁጥር ስንት እንደሆነና ይህም በጽሑፍ የተገለጸ መሆኑን፣
3. ዋጋው መጓጓዣን፣ የአካባቢ አስጎብኚን፣ የየቤተ ክርስቲያኑን መግቢያ፣ ምሳንና የመጠጥ ውኃን የሚያካትት መሆን አለመሆኑን፤ በተራራው ላይ ለሚደግፉ ረዳቶች የሚከፈለውንም ማን እንደሚሸፍን፣
4. ጉዞው በአየር ጠባይ፣ በጸጥታ ወይም በሕመም ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ የሚመለስበትን አግባብ፣
5. አደጋ ቢደርስ ድርጅቱ ምን ዝግጅት እንዳለው። አምቡላንስ ከገደሉ ግርጌ ማለፍ ስለማይችል ተጎጂ የሚወርደው በሰው ሸክም ወይም በቃሬዛ መሆኑን ከግምት ያስገቡ።

ለፈጸሙት ክፍያ ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። ከዚህ በተጨማሪ ወቅታዊውን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ ከመነሻዎ ዕለት በፊት ከክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ከወረዳው አስተዳደር ያጣሩ።

የአንድ ቀን መርሐ ግብር እንዴት ይታቀዳል?

ለአብዛኞቹ ጎብኚዎች መነሻው መቀሌ ነው። ወደ መቀሌ በየብስ ወይም በአውሮፕላን እስከ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ይቻላል። ከመቀሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት ይመከራል። በሰሜን አቅጣጫ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ውቅሮ ከተማ ዳርቻ የውቅሮ ቂርቆስ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከውቅሮ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ደግሞ ሰፊው የአብርሃ ወአጽብሃ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁለቱም ለመኪና መንገድ ቅርብ በመሆናቸው ገደል መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ለያዙ ቤተሰቦች ተስማሚ ናቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በዱግም በኩል ወደ መጋብ ያመራል። በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ ተራራ ለመውጣት ማቀድ አይመከርም። አቡነ ይምዓታ ጉሕን የሚመርጡ ለመውጫው ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ሊመድቡ ይገባል። ማርያም ቆርቆርን የሚመርጡ በዓለቶች መካከል ባለው ስንጥቅ አድርገው ተመሳሳይ ጊዜ የሚወስድ ዳገት ይወጣሉ፤ ከዚያም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ተጉዘው ዳንኤል ቆርቆርን ማየትና የሐውዜንን ሜዳ ከላይ መመልከት ይችላሉ። ቆርቆር አድካሚ ቢሆንም ቀጥ ያለ ግድግዳ መውጣትን እንደ ጉሕ ስለማይጠይቅ ከፍታ ለሚያስፈራቸው ሰዎች የተሻለ ምርጫ ነው።

ምሳ በሐውዜን ከተመገቡ በኋላ ከመምሸቱ በፊት ወደ መቀሌ መመለስ እንዲቻል ሰዓትን መቆጠብ ያስፈልጋል። ጊዜ የሚፈቅድላቸው ጎብኚዎች በሐውዜን ቢያድሩ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ መውጣት ይችላሉ፤ ገቢውም በአካባቢው ይቀራል።

በተራራው ላይ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ለጉብኝቱ ተስማሚው ጊዜ ከመስከረም ወር ጀምሮ ያለው የበጋ ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወራት ዝናብ የነካው ዓለት ስለሚያዳልጥ ገደል የሚያስወጡትን ቦታዎች ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይገባል። ጥሩ መያዣ ያለው ጫማ፣ ባርኔጣ፣ በቂ ውኃና ሁለቱንም እጅ ነጻ የሚያደርግ የጀርባ ቦርሳ ይያዙ። አቡነ ይምዓታ ጉሕን የሚወጡ ሰዎች ከግድግዳው ሥር ጫማቸውን ስለሚያወልቁ ባዶ እግር ለመሄድ ይዘጋጁ። የደኅንነት ገመድ ከቀረበልዎ ይጠቀሙ።

የአካባቢው ምእመናን፣ ሕፃናትን ለክርስትና ይዘው የሚወጡ እናቶች ጭምር፣ ይህንኑ ገደል ሲወጡ ይታያሉ። እነርሱ ግን መንገዱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያወቁት ናቸውና ጎብኚ አቅሙን በእነርሱ ሊለካ አይገባም። የልብ፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል ሕመም ወይም የከፍታ ፍርሃት ያለበት ሰው አስቀድሞ ለአስጎብኚው ያሳውቅ። አስጎብኚው “ከዚህ በላይ አይውጡ” ካለ ውሳኔውን ማክበር ግዴታ እንደሆነ ይቁጠሩ። ከመንገድ መመለስም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የቡድኑ አባላት የሚመለሰውን ሰው ሊያበረታቱት እንጂ ሊገፋፉት አይገባም።

የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓትና ቅርሱን ስለማክበር

አብያተ ክርስቲያናቱ አምልኮ የሚፈጸምባቸው ናቸው። በመሆኑም የጉብኝት ሰዓት ከቅዳሴ ሰዓት ጋር መጣጣም አለበት። በጾም ቀናት ቅዳሴ የሚከናወነው ከቀትር በኋላ በመሆኑ በዐቢይ ጾም፣ እንዲሁም በረቡዕና በዓርብ ዕለት የሚጓዙ ቡድኖች ሰዓቱን አስቀድመው ቢጠይቁ ያለ ጉብኝት ከመመለስ ይድናሉ። አለባበስ ጨዋ፣ ለሴቶችም ነጠላ የያዘ ይሁን። ጫማ ወልቆ ይገባል፤ ወደ መቅደስ መግባት አይፈቀድም፤ የካህናትንና የምእመናንን ፎቶግራፍ ማንሳት በፈቃዳቸው ብቻ ነው።

በአቡነ ይምዓታ ጉሕ ጣሪያና ግድግዳ ላይ የሚታዩት የሐዋርያትና የዘጠኙ ቅዱሳን ሥዕሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሣሉ ይገመታል። ቀለማቸው እስከ ዛሬ የቆየው ሥፍራው ደረቅና የሚደርስበት ሰው ጥቂት ስለነበረ ነው። በእጅ መንካት፣ መደገፍ፣ በካሜራ ፍላሽ ማብራትና በዓለቱ ላይ ስም መጻፍ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርሳል። ማንም ሰው የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሌላ ንዋየ ቅድሳት እንዲገዛ ቢጠየቅ እምቢ ብሎ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሕግ ጥበቃ የሰጠ ሲሆን፣ ቅርስን ማበላሸትም ሆነ በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወር በወንጀል ያስጠይቃል።

ቅሬታ ቢኖርዎ

የተገባልዎ አገልግሎት ካልተሟላ፣ ከተስማሙበት በላይ ክፍያ ከተጠየቁ ወይም ደኅንነትዎን አደጋ ላይ የጣለ ድርጊት ከተፈጸመ፣ በቅድሚያ ለአስጎብኚ ድርጅቱ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ተገቢ ምላሽ ካላገኙ ውሉን፣ ደረሰኙንና የጉዞውን ዕለት የሚያሳይ ማስረጃ በማያያዝ ለክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችላሉ። በሥራው ብልጫ ያሳየ አስጎብኚ ሲያጋጥምዎም አስተያየትዎን በዚያው አግባብ መግለጽ ሙያውን ያበረታታል።

የገርዓልታ ዓምዶች በሚሊዮን ዓመታት የተቀረጹ፣ በውስጣቸው ያለው ቅርስም በትውልዶች ጥበቃ የቆየ ነው። ጎብኚ በቦታው የሚቆየው ለአንድ ቀን ቢሆንም፣ በዚያች ቀን የሚያደርገው ጥንቃቄ ለራሱ በሰላም መመለስ፣ ለተከታዩ ትውልድም ቅርሱን ማቆየት ነው። መልካም ጉብኝት እንመኝልዎታለን።